ተመረቀች ተባለች፤ ምን ተምራ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቅርቡ ስለ ወንዝ ዳርቻ ልማት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ስለ ድንጋይ ንጣፉ፣ ስለ መብራቱና ስለ ሳሩ ብዙ ተብሏል። ወንዙ ውስጥ ገብተው ቆሻሻውን ስለሚያወጡት ሰዎች ግን አንድ አንቀጽ እንኳ አላገኘሁም።

ነገሩን ከጎረቤቴ ልጀምር። የሦስት ልጆች እናት ናት። ሴፍቲኔት የሚባለው የከተማ ድሆች መደገፊያ ፕሮግራም ውስጥ ገብታ ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ጠርጋለች፣ ቦይ ከፍታለች፣ ወንዝ ዳር የተከመረ ፌስታል በማዳበሪያ እየሞላች ተሸክማለች። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ጋዋኗን ለብሳ ስትወጣ የላስቲክ ጫማዋ ኮቴ ይሰማኝ ነበር። አንድ ቀን ቦይ ስትጠርግ መርፌ ወጋት። እጇ ላይ የነበረው ስስ የጨርቅ ጓንት ነው፤ ለመርፌ ምኑም አይደለም። ማታ ስታሳየኝ አውራ ጣቷ አብጧል። «ታዲያ ምን አደረግሽ?» አልኳት። «አረቄ አፈሰስኩበትና ወደ ሥራዬ» አለችኝ። የወደቀ መርፌ የወጋው ሰው ቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ጤና ጣቢያ ደርሶ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ መመርመር አለበት። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። እኔም ያወቅኩት በኋላ ነው።

ከሴፍቲኔት ጊዜውን ጨርሶ የሚወጣ ሰው «ተመረቀ» ነው የሚባለው። እሷም ተመረቀች። ከዚያ አንድ የጽዳት ድርጅት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄደች።

«የሥራ ልምድ አለሽ?»
«ሦስት ዓመት።»
«ወረቀቱን አምጪዋ። ሲኦሲስ ወስደሻል?»

ወረቀትም የላት፣ ሲኦሲም (የሙያ ብቃት ምዘና ያለፈ የሚያገኘው ሰርተፊኬት) የላት። ተመልሳ መጣች። አሁን ጉልት ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች።

ሴፍቲኔቱን ለማጣጣል አይደለም ይህን የምጽፈው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር 604 ሺህ ሰው ለመድረስ ታስቦ ነው። አብዛኛው በአካባቢ ሥራ እየተሳተፈ፣ መሥራት የማይችለው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ። በሰፈሬ ስንት ቤት ውስጥ እሳት እንዳነደደ አይቻለሁ። ሲወጡም ስለ ቁጠባና ስለ ቢዝነስ ፕላን ይሠለጥናሉ፣ መነሻ ገንዘብም አለ። ግን ልብ በሉ፤ ሥልጠናው ሁሉንም ነጋዴ ለማድረግ ነው። ሦስት ዓመት እጃቸው የለመደውን ሥራ ሙያ ብሎ የቆጠረላቸው የለም። ጉልቱ ደግሞ ሞልቷል። እኛ ሰፈር ሽንኩርት ሻጩ ከገዢው ሊበልጥ ምንም አልቀረው።

«ለጠራጊ ደግሞ ምን ሲኦሲ ያስፈልጋል?» ብሎ የሚስቅ እንደሚኖር አውቃለሁ። እስቲ ወደ ቆሼ፣ ወደ ከተማችን ቆሻሻ መድፊያ ላምጣችሁ። እኔ የምኖረው ከዚያ ብዙ ሳልርቅ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ከ50 ዓመት በላይ የተከመረ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር፣ ለቀናት በየቤቱ የለቅሶ ድንኳን ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሰንዳፋው አዲስ መድፊያ ገበሬዎች ተቃውመውት ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ ቆሞ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመልሷል። ክምር ምን ያህል ቀጥ ማለት እንደሌለበት፣ የዝናቡ ውሃ በየት መውጣት እንዳለበት፣ ከሥር የሚጠራቀመው ሚቴን ጋዝ በምን እንደሚተነፍስ፣ ይሄ ሁሉ ትምህርት ነው። ቁጭ ብሎ የሚማሩት፣ በሥራም የሚለምዱት።

ከአደጋው በኋላ ከጃፓን ፉኩኦካ የመጣ ዘዴ እዚያው ቆሼ ላይ ተሠርቶበታል። የተበሳሱ ቱቦዎች ከቆሻሻው ሥር ይዘረጋሉ፣ ዙሪያቸው ድንጋይ ይደረደራል። በአንድ በኩል ጥቁሩ ፍሳሽ ይወጣል፣ በሌላ በኩል አየር ይገባል፣ ጋዙም ይቀንሳል። ውድ ማሽን የሚጠይቅ አይደለም። ዋናው የሚፈልገው ቱቦ የሚበሳ፣ ድንጋይ የሚደረድር፣ ፍሳሹ መዘጋቱን በየቀኑ የሚያይ ሰው ነው። ያን ሰው ከየት እናመጣለን? ከቦሌ?

ዕውቀቱም ቢሆን ከዜሮ አይጀምርም። ቆሼ ላይ ሲለቅሙ ያደጉ ልጆች ሃይላንዱን ከጄሪካኑ፣ መዳቡን ከነሐሱ ሳያዩ በድምፁ ይለዩታል። ቆራሌው የትኛው ዕቃ ሚናለሽ ተራ ሲደርስ ስንት እንደሚያወጣ ከእኔ ይልቅ ያውቃል። የጎደላቸው ሌላው ግማሽ ነው፦ የባትሪ አሲድ፣ የሆስፒታል ቆሻሻ፣ ከቆዳ ፋብሪካ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ የሚለቀቅ ክሮም ያለበት ዝቃጭ። ያን ዝቃጭ በባዶ እግራቸው ረግጠው በአካፋ ሲዝቁ ያየኋቸው ሰዎች አሉ። በዚያው ውሃ ታች ጎመን ይለማል። ጎመኑንም እኛው እንበላዋለን፣ እሱን ለጊዜው እንተወው።

አሜሪካኖች፣ የተበከለ መሬት ባለባቸው ድሃ ሰፈሮች ለሚኖሩ ሥራ አጦች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ሥልጠና በመንግሥት ገንዘብ ይሰጣሉ። መሠረቱ የ40 ሰዓት የአደገኛ ቆሻሻ ኮርስ ነው። አንድ ሳምንት ማለት ነው! አንድ ሳምንት ተምሮ፣ ልብሱንና ጭንብሉን መልበስ ለምዶ፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ ጽዳቱን ወደሚሠራው ኮንትራክተር ይሄዳል። እነሱ ስላደረጉት እኛም እናድርግ አልልም። ግን የእኛ ሴቶች ሦስት ዓመት ሙሉ ሥራው ላይ ናቸው። ከሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ሳምንት አይጠፋም።

በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር የታሰበው የወንዝ ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር ነበር። ይህን ያህል ወንዝ አንዴ ተጠርጎ አያልቅም። ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ ፌስታልና ደለል ይዞ ይወርዳል፣ በየዓመቱ ሰው ይፈልጋል። ታዲያ ወረዳዎች ሴቶቹን ወደ ጽዳት ከማሰማራታቸው በፊት ያን አንድ ሳምንት ይስጧቸው። ወፍራም ጓንት፣ ቡትስ ጫማና የቴታነስ ክትባት አብሮ ይምጣ። በሁለተኛው ዓመት ቴክኒክና ሙያዎች እዚያው ሥራው ላይ ይመዝኗቸው፣ ሦስተኛው ሳያልቅ ሲኦሲው በእጃቸው ይሁን። የልምድ ደብዳቤው ደግሞ በጀትም አይፈልግም፤ ማህተምና አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወንዙን ለማጽዳት ጨረታ የሚያሸንፈውም ድርጅት ከሠራተኞቹ የተወሰኑትን ከወንዙ ዳር ሰፈሮች እንዲቀጥር ውሉ ላይ ይጻፍ።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ቀጣዩን የወንዝ ዳር ዘገባ ስትሠሩ ፎቶ አንሺያችሁን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላኩት። ሳሩ ላይ ማንም አይኖርም። ጋዋን የለበሱትን ያገኛቸዋል፤ ይጠይቃቸው፣ ጓንታቸውንም ያንሳው።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ