የጡጦው ውሃ ለብ ያለ አይሁን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በጤና ገጻችሁ ጡጦ ስለሚጠቡ ሕፃናት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ጮክ ብላ ያነበበችልኝ ባለቤቴ ናት፤ እኔ ልጁን እያስተኛሁ ነበር። ጡት ማጥባትን ማስቀደማችሁ ተገቢ ነው፣ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። «የዱቄቱን ወተት ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው ይስጡ» የምትለው ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ቀና ብላ አየችኝ። እኛም ቤት ለሁለት ወር ያህል ልክ እንደዚያው ነበር የሚደረገው።

ባለቤቴ የግል ድርጅት ሠራተኛ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ሲሞላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወተቷን እያለበች ለማስቀመጥ ሞክራ ነበር፤ ግን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ከመጸዳጃ ቤቱ በቀር ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ስላልነበረ በሦስተኛው ሳምንት ተወችው። እናም ቀን ቀን የጣሳ ወተት፣ ማለትም ለሕፃናት የሚዘጋጀውን የዱቄት ወተት ጀመርን። ልጁን የሚይዙልን ከገጠር የመጡት አማቴ ናቸው። ስምንት ልጅ አሳድገዋል፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም። ጣሳው ደግሞ እህቴ ከዱባይ በሰው ሻንጣ የላከችው ስለሆነ ጽሑፉ ዓረብኛና እንግሊዝኛ ብቻ ነው። እኔ እንግሊዝኛውን አንብቤ «ውሃው ይፈላና ለብ ሲል ነው የሚበጠበጠው» አልኳቸው። ጣሳውም የሚለው ይህንኑ ነው።

አማቴ ሕፃን ቀዝቃዛ ነገር ከጠጣ ሆዱን ይይዘዋል ብለው በጣም ይሰጋሉ። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ጡጦ ባንዴ ይበጠብጡና በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ትልቁ ድስት ውስጥ ክዳን ይደፉባቸዋል። ቀትር ላይ ሲነካ ጡጦው አሁንም ሞቅ እንዳለ ነው። እኔም «ብልሃተኛ ናቸው» እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራ ነበር።

ልጁን ተቅማጥ ያዘው። ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ እንደ ዕድል ሆኖ ሰውነቱ ብዙ ውሃ ሳያጣ ደረስን። ያየችን ሲስተር መድኃኒቱን ከመጻፏ በፊት «ጡጦውን ይዛችሁታል?» አለች። ተቀብላ የጡጦውን ጫፍ የሚይዘውን ቀለበት ፈታችና በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ከቀለበቱ ጥርስ ሥር ቢጫ ቅርፊት የመሰለ ነገር ተነሳ። በየቀኑ የሚታጠብ ጡጦ ነው! ከዚያ ወደ አማቴ ዞር አለችና «እናቴ፣ ሊጥ ቶሎ እንዲኮፍ ምን ያደርጉታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ሙቅ ቦታ አኖረዋለሁ፣ ሸፈን አደርገዋለሁ» አሉ። ሲስተሯ ዝም ብላ ጠበቀቻቸው። አማቴ ጡጦውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እንግዲያ እኔ ስጠቀልል የከረምኩት ጀርሙን ነዋ!» አሉ። ተቅማጡ ከዚያው ጡጦ ስለመምጣቱ ማንም መርምሮ ያረጋገጠልን የለም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ድስቱ ለወጥ ብቻ ሆኗል።

እናንተን ወደሚመለከተው ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብና እርሻ ድርጅት ጋር ሆኖ በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ዱቄት ወተት አዘገጃጀት መመሪያ አውጥቷል። መነሻው፣ አብዛኛው ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የታሸገው ዱቄት ራሱ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ሳልሞኔላም ሆነ ክሮኖባክተር የሚባለው ጀርም ገና ከፋብሪካው አብሮት ሊመጣ ይችላል። ክሮኖባክተር ደረቅ ዱቄት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። የሚያስከትለው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ወር ባልሞላው፣ ያለ ጊዜው በተወለደ ወይም ክብደቱ ባነሰ ሕፃን ላይ ከደረሰ ደም ይመርዛል፣ የአንጎል ሽፋን ያቆስላል። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የአንድ ትልቅ ፋብሪካ ወተት ከገበያ የተሰበሰበውና መደርደሪያዎች ባዶ የቀሩት በዚሁ ጀርም ሰበብ ነበር። ዘመድ ከውጭ የላከው ጣሳ ነው ብሎ መተማመን አይሠራም።

ስለዚህ መመሪያው የሚለው፣ ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ሙቀት ከ70 ዲግሪ አይነስ ነው። ጀርሙን የሚገድለው እሱ ነው። ለልጁ የሚሰጠው ግን ከዚያ በኋላ፣ ጡጦው ክዳኑ እንደተደፋ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ወተቱ ለብ ሲል፣ በክንድ ላይ ጠብ ተደርጎ ተሞክሮ ነው። ያላችሁት «ለብታ» ትክክለኛ የሚሆነው ለማጠጣት ነው፤ ለመበጥበጥ ግን ለጀርሙ መመቻቸት ነው። የብዙ ጣሳዎች ጽሑፍም እንደ እናንተው ነው የሚለው፤ ከፍተኛ ሙቀት ቫይታሚን ይቀንሳል፣ ማቃጠልም ያስፈራል የሚሉ አሉ። እውነት አለው። ግን ንጹሕ ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት እኔ የምመርጠው የ70 ዲግሪውን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ከተማ የተለየ ነው። መመሪያው ውሃው ከ70 በታች እንዳይወርድ ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። መርካቶ ቴርሞሜትር ገዝቼ ሞከርኩት። ግማሽ ሊትር ውሃ ክዳን በሌለው የአሉሚኒየም ድስት አፍልቼ ባስቀምጠው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ከ70 በታች ወረደ። እንግዲህ እዚህ «እስከ ግማሽ ሰዓት ይቆይ» ማለት ከ70 በታች የወረደ ውሃ ማለት ነው። ክዳን ይደፋበት፣ ብዙ አይቆይ። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ደግሞ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ የሚል ምክር አለ። የታሸገ ውሃም (እኛ ምንም ይሁን ምን ሃይላንድ የምንለው) ቢሆን መፍላት አለበት፤ ታሽጓል ማለት ለጨቅላ የሚሆን ያህል ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

አሁን እኛ ቤት የሚደረገው ቀላል ነው። ጠዋት የፈላው ውሃ ወዲያው ንጹሕ ፔርሙዝ ውስጥ ይገባል፤ ዱቄቱ ለብቻው ደርቆ ይቀመጣል። 1 ሰዓት ላይ የሞላሁትን ውሃ 6 ሰዓት ላይ ስለካው 74 ዲግሪ ነበር፤ ያረጀ ፔርሙዝ ይህን ያህል ስለማይዝ በየቤቱ መለካት ያስፈልጋል። ልጁ ሲርበው ብቻ ይበጠበጣል። የተበጠበጠው ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈው ይደፋል። አማቴ ይቺ መድፋት አልዋጥ ብላቸዋለች። የአንድ ጣሳ ዋጋ ለሚያውቅ ሰው እኔም አልፈርድባቸውም። ግን ገንዘብ ለመቆጠብ ዱቄቱን ማሳነስ ከመድፋት የባሰ ነው፤ ልጁ ሆዱ እየሞላ ሰውነቱ ይከሳል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይወርዳል። ውሃው ቀድሞ ይሰፈራል፣ ከዚያ ዱቄቱ ጣሳው ውስጥ ባለው ማንኪያ ልሙጥ ሆኖ። የአንዱ ጣሳ ማንኪያ ለሌላው አይሆንም።

ሲስተሯ ከሁሉ በላይ ያስወደደችን ምክር ግን ጡጦውን ራሱን መተው ነው። ሲኒ ጥግ የለውም፣ ቀለበት የለውም፣ በሁለት ጣት ይታጠባል። አማቴ ልጁን ቁጭ አድርገው ደግፈው በሲኒ ጫፍ እያስላሱ ያጠጡታል፤ ትንሽ ይደፋፋል እንጂ ከጡጦው ያነሰ አልጠጣም። «እኛም ድሮ እንዲህ ነበር የምናደርገው» ብለው ድሉን ለራሳቸው ወስደዋል።

ለአዘጋጁ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። እርማቱ ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ገጽ ይውጣ፤ የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ከወጣ ያው እንዳልወጣ ነው። ሲወጣም ሥዕል ይኑረው። የሚንተከተክ ድስት፣ ክዳን የተደፋበት፣ ቀጥሎ ጡጦ በሳፋ ውስጥ፣ ቀጥሎ በክንድ ላይ የምትወድቅ ጠብታ። ቀን ወተቱን የሚበጠብጡት አያቶችና ሞግዚቶች ናቸው፣ ብዙዎቹም እንደ አማቴ ፊደል አልቆጠሩም። እኔ በእስክሪብቶ የሞነጫጨርኩት ሥዕል ማድቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አማቴ ድስቱን «ይሄ ደግሞ ኮፍያ ነው ወይስ ምንድን ነው?» ስለሚሉኝ የእናንተ ሠዓሊ ቢሠራው ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ልጅ አባት፣ ከአዲስ አበባ