«ባዶ መሬት» ላሉን የወረዳችን ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱን መዝገብ ቤት አስገብቼ ቅጂው ላይ ማህተም አስደርጌያለሁ። መልስ ግን የለም። «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ተመለስ» ስባል ክረምቱ አለፈ። ስለዚህ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገደድኩ።

ሚያዝያ ላይ፣ እዚህ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ሸካ ዞን ውስጥ፣ ለሻይ ልማት በተሰጠው ቦታ፣ አባቴ ቀፎ የሰቀለበት ገተማ የተባለ ትልቅ ዛፍ ተቆረጠ። ዛፉ አብቦ ነበር። የሸካን ነጭ ማር የሚሰጠን ይኸው አበባ ነው። ጥቂት ሳምንት ቢታገሱን ማሩን እንቆርጥ ነበር። ስንደርስ ስድስት ቀፎ ተፈነካክቶ ማሩ ከጭቃ ተለውሷል። ንቦቹ ጉቶው ላይ ተከምረው ይርመሰመሳሉ። አባቴ ሰባ ዓመት አልፎታል። ከስብርባሪው መሀል አንድ ደህና ቀፎ አነሳና የሚሰቅልበት ዛፍ ፍለጋ ዙሪያውን አየ። ምንም አልቀረም።

ቢሮዎ ስንመጣ «ቦታው ባዶ መሬት ተብሎ ነው የተሰጠው» ተባልን። እንዴት ባዶ ይሆናል? ኮቦ በምንለው ባህላዊ የደን ይዞታ ሥርዓት የየቤተሰቡ ጫካ ተለይቶ ይታወቃል፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ኮረሪማውም፣ ጥምዝ የሚባለው ቅመምም፣ የጫካ ቡናውም የሚለቀመው ከዚያው ነው።

ደን ሲያልቅ ሁልጊዜ የሚወቀሰው ማገዶ ለቃሚው ነው። እርግጥ ከእኛም መሀል ዛፍ የሚሸጥ አለ፤ አልክድም። በዓይኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ መንገድ ይጠረጋል። ከዚያ ግንዱ በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። መንገዱን ተከትሎ ሌላ መሬት ፈላጊ ይገባል። ሻይ የሚተከለው በመጨረሻ ነው።

ከምንጣሮው በታች ያለው ምንጫችን አሁን ዝናብ በጣለ ቁጥር ይደፈርሳል። እናቶች ውኃው እስኪጠራ ጠብቀው ነው የሚቀዱት። የሸካ ውኃ ደግሞ ወደ ባሮ ወርዶ ጋምቤላ ይደርሳል። ጉዳቱ በእኛ ቀበሌ አያበቃም።

ሕጉን ያውቁታል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይደረግ፣ ሕዝብም አስተያየት ይስጥበት ይላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 የሸካን ጫካ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡንም ያውቃሉ። ታዲያ አባቴን ማን ጠየቀው? የትኛው ስብሰባ ላይ?

ሰኞ ጠዋት ከአባቴ ጋር ቢሮዎ እንመጣለን። የግምገማውን ሰነድ ያሳዩን። ከሌለ ሥራው ዛሬውኑ ይቁም። ከወንዙ ማዶ ያሉት ገተማዎች ላይ ለቆረጣ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። አባቴ ያቺን የተረፈች ቀፎ የሰቀላት እዚያ ነው።