ለደንበኞቻችን፦ ስለ ድሬዳዋው የባቡር ጉብኝትና ስለ አዲሱ ዋጋ

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የድሬዳዋን የባቡር ጉብኝት ማስታወቂያ ካወጣን ወዲህ የቢሯችን ስልክ አላርፍ ብሏል። ደስ ብሎናል። ግን ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ሁለት ነው፤ «ባቡሩ ላይ እንሳፈራለን ወይ?» እና «ካልተሳፈርን ዋጋው ለምን ጨመረ?»። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ናቸው። ለአንድ ለአንዱ በስልክ ከምንመልስ አንዴ ጽፈን እናስረዳ ብለን ነው።

የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው። አትሳፈሩም። አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ሰው ማመላለስ ካቆመ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። አሁን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ ነው፤ ሐዲዱም ሌላ፣ ጣቢያውም ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ያለ ነው። እኛ የምንወስዳችሁ ከተማው መሃል ወዳለው አሮጌ ጣቢያና ከጀርባው ወዳለው የባቡር መጠገኛ ጋራዥ ነው።

ልዩነቱ ብዙ ሰው ስለሚያደናግር ትንሽ እንበልበት። የአሮጌው መስመር ሁለት ሐዲዶች የሚራራቁት አንድ ሜትር ብቻ ነው። የአዲሱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ቆላው የሰሜን ሸዋ ወረድ ስትሉ የምታዩት፣ ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው ሐዲድም ሰፊው ዓይነት ነው። ስለዚህ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። በጊዜው ጠባቡ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠባብ ሐዲድ ገደልና ተራራ ባለበት አገር በቀላሉ ይጠማዘዛል፣ ቁፋሮው ያንሳል፣ ድልድዩ ይቀላል፣ ወጪው ይቀንሳል። በምላሹ ፍጥነቱም የሚሸከመውም ያንሳል።

ታሪኩ ለኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች የሩቅ አይደለም። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነው። ኢልግ ደግሞ የመጣው እሳቸው ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ አንኮበር መናገሻ በነበረች ጊዜ ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር መንገድ! ድሬዳዋም የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። ከዚራ ሰፈር ስትገቡ ቀጥ ቀጥ ያሉትን መንገዶችና ግራና ቀኝ የተተከሉትን ዛፎች እዩ፣ የምድር ባቡር እጅ ያለበት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው።

ጉብኝቱን ስንጀምር ጣቢያውን አሳይተን፣ ፎቶ አስነስተን፣ ምሳ አብልተን ወደ ገበያ ነበር የምንወስዳችሁ። ሰው ተደስቶ ይመለስ ነበር፣ እውነት ነው። ለኛ ግን አልበቃንም። አንድ ቀን አብረውን የገቡ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ከቆመ ፉርጎ አጠገብ ጎንበስ አሉና ትንሽ መዶሻ አንስተው መንኮራኩሩን መታ አደረጉት። ጥርት ያለ፣ ረዘም ያለ ድምፅ ሰጠ። «ይሄ ጤነኛ ነው» አሉ። ቀጥለው የሚቀጥለውን መቱት፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ዝም አሉ፣ እንደገና መቱት። ስንጥቅ ያለበት ብረት ድምፁ ይታፈናል፣ ቶሎም ይሞታል፤ ያንን በጆሮ ለመለየት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስረዱን። ከዚያ ሐዲዱን የሚይዘውን የመንኮራኩሩን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ የቱ ጋ እንደተበላና ለምን በአንድ በኩል ብቻ እንደተበላ አሳዩን። አብረውን የነበሩት ደንበኞቻችን፣ ልጆቹ ሳይቀሩ፣ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም። ጉብኝቱ መሆን ያለበት ይሄ ነው ያልነው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ አሁን የጉዞው ዋና ቀን ከጡረተኞቹ ጋር የሚዋልበት ቀን ነው። ጋራዡ ውስጥ ቶርኖው (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን) ጋ፣ ከቆሙት ባቡሮች አጠገብ፣ እየነካችሁና እየጠየቃችሁ ትውላላችሁ። ለነዚህ አባቶች የሙሉ ቀን አበል እንከፍላለን። ምሳቸውንና ትራንስፖርታቸውንም እንችላለን። የመግቢያ ፈቃድና ክፍያ አለ። ሰው ሲበዛ ደግሞ ማንም ምንም ስለማይሰማ የቡድኑን ቁጥር ቀንሰናል፣ ይሄ ብቻውን የመኪናውን ወጪ በእያንዳንዳችሁ ላይ ከፍ ያደርገዋል። ጭማሪው የሄደው እዚህ ላይ ነው።

«ለሽማግሌዎች ወሬ ይሄን ያህል?» ያሉን አሉ። አልተቀየምንም፣ ግን አንስማማም። ለምን እንደማንስማማ ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ከእንግሊዝ አገር አጠገብ፣ ከዌልስ ነው። ታሊሊን የሚባል 12 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ የገጠር ባቡር አለ፣ ሐዲዱ ከኛም ይጠባል፣ 686 ሚሊ ሜትር ነው። ከተራራ የጣሪያ ድንጋይ ለማውረድ የተሠራ ነው። ባለቤቱ ሲሞቱ መስመሩ ሊዘጋ ሆነ። ባቡር የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው «እኛ በነፃ እናንቀሳቅሰዋለን» አሉና በ1943 ዓ.ም. ተረከቡት። በዓለም ላይ በፈቃደኞች የተረፈ የመጀመሪያው ባቡር እሱ ነው። ያኔ ሐዲዱ ሣር ውስጥ ተቀብሮ ነበር። በደህና የሚሠራው ፉርጎ ጎታች ባቡር አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ከ80 ዓመት በላይ ያገለገለ። ከተዘጋ ሌላ መስመር ሁለት የእንፋሎት ባቡር እያንዳንዳቸውን በ25 ፓውንድ ገዙ! ሰዎቹ የሥራ ዕረፍታቸውን እየወሰዱ ሣር ያጭዳሉ፣ ትኬት ይቆርጣሉ፣ ከሰል ይጨምራሉ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ይሠራል። የእንፋሎት ባቡር እንደ መኪና ቁልፍ አዙረው የሚያስነሱት አይደለም፤ ጠዋት እንዲሄድ እሳቱ ከሰዓታት በፊት መነደድ አለበት፣ ቦይለሩ (ውሃው የሚፈላበት ጋን) በየጊዜው መፈተሽ አለበት፣ የተበላሸ ዕቃው ሱቅ ስለማይገኝ ተቀርጾ ነው የሚተካው። ይህን ሁሉ አዲሶቹ ከቀድሞዎቹ ሠራተኞች ጎን ቆመው ነው የተማሩት።

ሁለተኛው ቅርባችን ነው፣ ከምፅዋ አስመራ የሚወጣው። 118 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ሐዲዱ 950 ሚሊ ሜትር። ከደርግ ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ ሐዲዱ እየተነቀለ ምሽግ ተሠርቶበታል። ከጦርነቱ በኋላ መልሶ የተገጠመው ጡረታ የወጡት ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹ 70 ዓመት ያለፋቸው፣ ተጠርተው ወጣቶቹን እያስተማሩ ነው። ከየቦታው የተለቀመውን ብረት ወደ መስመር የመለሰው የነሱ እውቀት ነው።

የኛ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ድሬዳዋ ላይ ብረቱ አለ። ጋራዡ አለ። የሚያልቁብን ሰዎቹ ናቸው። ፉርጎውን ካፌ እናድርገው የሚል ሐሳብም እንሰማለን፤ ከሚዝግ ይሻላል፣ አንቃወምም። ግን ካፌ የሚያተርፈው ቆርቆሮውን ነው። መንኮራኩር መትቶ ማዳመጥን የሚያወርሰን ካፌው አይደለም።

ለዚህም ነው በእያንዳንዱ ጉዞ አባቶቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ ሥራቸውን እያሳዩ በቪዲዮ የምንቀርጸው። ቅጂው ለራሳቸውና ለልጆቻቸው ይሰጣል። ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ በያጆች፣ የቶርኖ ባለሙያዎች፣ መካኒኮች፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ በተለይ እናንተን እንፈልጋለን። እኛ የማናውቀውን ጥያቄ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ። ለቀረጻውና ለጽሑፉ በፈቃደኝነት ለሚያግዝ ሰው የመኪና ወንበሩን በግማሽ ዋጋ እንሰጣለን።

ስለ ጉዞው ጥቂት ነገር። የምንነሳው ከደብረ ብርሃን ሊነጋጋ ሲል ነው፤ በአዲስ አበባና በአዳማ አድርገን አዋሽ እናድራለን። የድሮ ተሳፋሪዎችም ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ አዋሽ ያድሩ ነበር። ለነሱ የተሠራውን ቡፌም (የጣቢያውን ምግብ ቤትና ማደሪያ) እናያለን። ጋቢያችሁን ለመነሻው ያዙ፣ ድሬ ስትገቡ ግን ስስ ልብስ፣ ኮፍያና ውሃ ያስፈልጋችኋል። ጋራዡ ውስጥ ሸበጥ አይቻልም፣ ሽፍን ጫማ አድርጉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

የመንገዱን ሁኔታ ከመነሻው ቀን በፊት እናጣራለን። ጥሩ ካልሆነ አንወጣም። ቀኑ ይዛወራል፣ ያልተመቸው ሰው ገንዘቡ ሳይቆረጥ ይመለስለታል።

ከጭማሪው በፊት የከፈላችሁ ምንም አትጨምሩም፣ በድሮው ዋጋ ትሄዳላችሁ። ባቡር የምትሳፈሩ መስሏችሁ የከፈላችሁ ካላችሁም ደውሉልን፣ ሙሉውን እንመልሳለን። መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን፣ የሰው ብዛትና የልጆች ዕድሜ በቴሌግራም ላኩልን። በብረት ሥራ ላይ ያላችሁ ሙያችሁንም ጨምሩበት።

አክባሪያችሁ፣
የጉዞ ቢሮው ባልደረቦች፣ ደብረ ብርሃን