ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ እንዳይሆን ብላችሁ በሆዱ አታስተኙት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የሕፃናት ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። «የልጄ ጭንቅላት በአንድ በኩል ተደፍጥጧል» ብለው የሚመጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ መፍትሔ ያሉትን ጀምረው ነው የሚመጡት። ልጁን በሆዱ ያስተኙታል፣ ወይም መሃሉ ጎድጎድ ያለ ትራስ ገዝተዋል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ሕፃን በጀርባው ይተኛ የሚለው ምክር እንዲሁ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሕፃናት ሐኪሞች ይህን መምከር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሕፃናትን በእንቅልፍ የሚነጥቀው ድንገተኛ ሞት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። የተደፈጠጠ ጭንቅላት በዛ፣ እውነት ነው። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እያደር ይስተካከላል፤ አእምሮንም አያጨናንቅም። ሞት መመለሻ የለውም። ስለዚህ ልጁ ቀንም ሆነ ማታ ሲተኛ በጀርባው፣ ጠጠር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ምንም ትራስ ይሁን። ቅርጽ ያስተካክላል ተብሎ የሚሸጠውም ትራስ ሊያፍነው ይችላል።

የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና አልተገጣጠሙም፤ አናቱ ላይ እርግብግቢቱን ስትነኩ የምታገኙት ክፍተት ይኸው ነው። በምጥ ጊዜ ተጨምቆ የሾጠጠ ጭንቅላት በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። በኋላ የሚመጣው ጠፍጣፋነት ግን ሁሌ በአንድ በኩል ከመተኛት ነው። መንታዎችና ያለጊዜያቸው የተወለዱ ይበልጥ ይጋለጣሉ።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንገቱን ነው። የአንገቱ ጡንቻ በአንድ በኩል አጥሮ ከሆነ፣ እናት ደጋግማ ብታዞረውም ተመልሶ እዚያው ይተኛል። እስቲ መጫወቻ አሳዩትና ከትከሻ ትከሻ ይከተል እንደሆነ እዩ። ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁም አናቱን ከላይ ተመልከቱት። በተደፈጠጠው በኩል ያለው ጆሮ ወደ ፊት ገፋ ያለ ይመስላል። አንገቱ አልዞር ካለ ቶሎ አምጡት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተጀመረ በማሳሳብ እንቅስቃሴ ጥሩ ለውጥ ያመጣል።

በሆድ መተኛት የሌለበት ልጅ፣ ነቅቶ ሳለ ግን በሆዱ መጫወት አለበት። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምራችሁ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ለጥቂት ደቂቃ፣ አጠገቡ ሆናችሁ። ካለቀሰ ደረታችሁ ላይ አድርጉት፣ እሱም ይቆጠራል። ሕፃን ብርሃንና ሰው ወዳለበት ስለሚዞር፣ አልጋው ላይ ራስጌውን በግርጌ እየቀያየራችሁ አስተኙት። ስትመግቡትም ክንድ ቀይሩ። የመኪና ወንበር ላይ ከጉዞ በኋላ አታቆዩት።

የጭንቅላትን ቅርጽ ያስተካክላል ተብሎ ለሕፃን የሚደረገውን ጠንካራ ቆብ፣ ሄልሜት፣ የሚጠይቁኝም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ መካከለኛና ከበድ ያለ ጠፍጣፋነት ባላቸው ልጆች ላይ ሄልሜት ያለ ሕክምና ከማደግ የተሻለ ውጤት እንደሌለው አሳይቷል። ለጥቂቶች ሐኪም ሊያዝ ይችላል፤ በራሳችሁ ግን አትግዙ።

አንድ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ የራስ ቅል መጋጠሚያው ያለጊዜው ይዘጋል። መጋጠሚያው ላይ ሸንተረር የመሰለ ጠንካራ መስመር ከዳሰሳችሁ፣ ወይም ቅርጹ ከልደት ጀምሮ እየባሰ ከሄደ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

የጤና ባለሙያ ወገኖቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጁ ለክትባት ሲመጣ አናቱን ከላይ እዩለት፤ አንገቱንም ወደ ሁለቱም ጎን አዙራችሁ ፈትሹት።

አንዲት የሕፃናት ፊዚዮቴራፒስት