የሀዋሳ መሃል ከተማ መናፈሻ ዲዛይንን በተመለከተ የቀረበ ቅሬታ

የመናፈሻና የሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎችን ዲዛይን ላዘጋጀው አማካሪ ድርጅት

ጉዳዩ፦ ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የሀዋሳ ነዋሪ ነኝ። ልጆቼን ያሳደግኩት እዚሁ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሰሞኑን ለነዋሪው ያሳያችሁትን የመሃል ከተማ መናፈሻና አደባባይ ረቂቅ ዲዛይን አየሁት። ሥዕሉ ያምራል፤ መብራቱ፣ ፏፏቴው፣ ድንጋይ ንጣፉ ሁሉም። ግን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር አንድ ነገር ከነከነኝ። መቀመጫው፣ ጥላው፣ ጥሩ ጥሩው ቦታ ሁሉ ለሚመጣው እንግዳ ተሰጥቷል። እዚህ ለሚኖረው ሰው የተረፈለት መተላለፊያ ነው። ቅሬታዬ ይኼ ነው።

እንግዳ አይምጣ የምል ሰው አይደለሁም። ከተማችን እንጀራዋን የምታገኘው ከእንግዳ ነው። ሆቴሉ፣ ጀልባው፣ ባጃጁ፣ ዓሣ ጠባሹ ሁሉ ቅዳሜና እሑድን ይጠብቃል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው ሰው ግን ምን ፍለጋ ይመስላችኋል? ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ በጠዋት ሂዱና እዩ። አሣ አጥማጁ መረቡን ያራግፋል፣ ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው መሃል ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ፣ ጦጣዎቹ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። እንግዳው ካሜራውን የሚያወጣው ለዚህ ነው። አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር የሚርመሰመሰውም አብዛኛው የከተማው ሰው ነው። ነዋሪው የማይቀመጥበት መናፈሻ ለእንግዳውም ቢሆን ባዶ ግቢ ነው የሚሆንበት።

መጀመሪያ ስለ አጥሩና ስለ ትኬቱ ላንሳ። በረቂቁ ላይ ዙሪያው ታጥሯል፣ መግቢያው በክፍያ ነው። ምክንያታችሁ የጥገና ወጪ ነው። ወጪ እንዳለው ይገባኛል፤ ያልተጠበቀ መናፈሻ በአንድ ክረምት ቆሻሻ መጣያ እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን ገንዘቡ ከሌላም ቦታ ይገኛል። ከመኪና ማቆሚያው፣ ከሱቆቹ ኪራይ፣ ለሰርግና ለባዛር ከሚከራየው ክፍል ማግኘት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አንድነትና ወዳጅነት ያሉ በክፍያ የሚገባባቸው ፓርኮች መኖራቸውን ጠቅሳችኋል። እነሱ ግን ሰው ቀን ቆርጦ፣ ቤተሰቡን ይዞ የሚሄድባቸው ናቸው። የመሃል ከተማ መናፈሻ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሄድ አረፍ የሚልበት፣ ጓደኛ የሚጠብቅበት፣ እናት ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን አስቀምጣ ትንፋሽ የምትሰበስብበት ነው። ለአሥር ደቂቃ ዕረፍት ማን ትኬት ይቆርጣል?

በተለይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ጉዳይ አንጀቴን ይበላኛል። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው እዚህ ይኖራሉ። ጠባብ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ይከራያሉ። የሚያርፉት እሑድ ነው። የቤት ኪራይና አስቤዛ ከፍለው ከሚተርፋቸው ላይ ለካፌ አውጡ ማለት ይከብዳል። እነዚህ ልጆች ሰብሰብ ብለው የሚጫወቱበት፣ ሳይፈሩ የሚቀመጡበት ነፃ ቦታ ይፈልጋሉ። በረቂቃችሁ ላይ ግን ነፃ መቀመጫ ፈልጌ ያገኘሁት በመኪና ማቆሚያው በኩል፣ ፀሐይ ላይ ነው። ጥላ ያለው በሙሉ የካፌ በረንዳ ነው።

ወደ ዛፉ ልምጣ። የሀዋሳን የቀትር ፀሐይ የምታውቁት አይመስለኝም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና። በሥዕሉ ላይ የደረደራችሁት ዘንባባ ነው። ዘንባባ ለመንገድ ዳር ያምራል፤ ጥላው ግን አንድ ሰው እንኳ በወጉ አያስጠልልም። በሌላ በኩል ቦታው ላይ አሁን ያሉትን ትልልቅ ዛፎች «የሚነሱ» ብላችሁ በቀይ ምልክት አድርጋችኋል። ለምን? ለፏፏቴው መስመር ቀጥ እንዲል? አንድ ዋርካ ዛሬ ቢተከል ከሥሩ ደህና ጥላ የሚያገኙት የልጅ ልጆቼ ናቸው። የቆሙትን ዛፎች መጀመሪያ ካርታው ላይ አስቀምጡና መንገዱን፣ መቀመጫውን፣ መብራቱን እነሱን ተከትላችሁ ሥሩ። ፏፏቴው ቢጎብጥ ማንም አይከሳችሁም።

መቀመጫዎቹም ቢሆኑ መደገፊያ የሌላቸው የድንጋይ ብሎኮች ናቸው። ጉልበቱ የደከመ አዛውንት እዚያ ላይ ተቀምጦ ለመነሳት ሰው መጥራት አለበት። የአዲስ አበባውን መስቀል አደባባይ ተመልከቱ፤ ደረጃው ራሱ መቀመጫ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ የስፖርት ሜዳ ነው። ለሁለት ለሦስት ነገር የሚያገለግል ሥራ ማለት እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ዋናው፣ መሰብሰቢያው። ይህ አገር ስለ መሰብሰብ ከማንም ሊማር አይገባውም። የሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ ተቀምጠው ጉዳይ የሚያዩት፣ የሚያስታርቁት ዛፍ ሥር ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበትን ጉዱማሌን ታውቁታላችሁ፤ በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያ ቀን የሚመጣውን ሕዝብና ቄጣላ የሚባለውን ባህላዊ ጭፈራ ያየ ሰው መሰብሰቢያ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ መሃሉ ሰፊና ክፍት፣ ዳር ዳሩ ጥላ። የእናንተ አደባባይ ግን መሃሉን ፏፏቴና የአበባ መደብ ይዞታል። ሰው የት ይቆማል? ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲሆን ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን መሃል ከተማውን ይሞላዋል። ይህ ሁሉ ሰው ውሃ ይጠጣል፣ ያርፋል፣ ሕፃን ያጠባል፣ መጸዳጃ ይፈልጋል። በረቂቁ ላይ የሕዝብ መጸዳጃ አንድም አላገኘሁም። ያሉት ካፌዎቹ ውስጥ ያሉት ናቸው፤ ለደንበኛ ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የምትቸገረው ሴት ናት፤ ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የጀበና ቡና የሚያፈሉት፣ በቆሎ የሚጠብሱት፣ ሊስትሮዎቹም የሉበትም። ዛሬ በዚያ ቦታ ልጅ የሚያሳድጉት እነሱ ናቸው። ሥርዓት ይኑር፣ ንጽሕና ይጠበቅ፣ እስማማለሁ። ጥቂት ቆጣሪና ውሃ ያላቸው አነስተኛ መሸጫዎች ቢሠሩላቸውና በዝቅተኛ ኪራይ ቢያገኙ ቦታው ራሱ ይደምቃል።

ስለ ቁጥር ጥቂት ልበል። የአገራችን የከተማ ፕላን መርህ የታወቀ ነው፤ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። እናንተ ከአረንጓዴው 30 በመቶ ውስጥ የካፌ በረንዳዎቹን፣ የሆቴሉን የአትክልት ቦታና የታጠረውን ሣር ሁሉ ደምራችሁ ቆጥራችኋል። ዘበኛ የሚያስቆመኝ ሣር የጋራ መገልገያ አይባልም። እባካችሁ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ገብቶ የሚቀመጥበትን ቦታ ብቻውን ቆጥራችሁ አሳዩን።

አንድ ነገር ደግሞ የሐይቁን ጉዳይ የሚከታተል ሰው ሁሉ ያነሳዋል። ሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ከላዩ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ከከተማው ጎርፍ ጋር የሚወርደው ደለል፣ ዘይትና ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል። መሃል ከተማውን በሙሉ በድንጋይና በሲሚንቶ ስትለብጡት ዝናቡ መስረጊያ ያጣና ሮጦ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። መናፈሻው ዝናብ የሚጠጣ አፈር፣ ሣርና ዛፍ ቢኖረው፣ ዝቅ ያሉ የአትክልት መደቦች ውሃውን ይዘው ቢያሰርጉ፣ ዓሣውንም ጎብኚውንም የሚጠብቅልን ያ ነበር። ጎብኚው የሚመጣው ለሐይቁ አይደል እንዴ?

በመጨረሻ የውይይቱ ነገር። ነዋሪውን ያወያያችሁት በሥራ ቀን፣ በጠዋት፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። የባጃጅ ሾፌሩ፣ ነጋዴዋ፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ አልነበሩም፤ ሊኖሩም አይችሉም ነበር። አስተያየት የሰጠነውም ሰዎች የተናገርነው የት እንደገባ አልተነገረንም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የሕዝብን ተሳትፎ ከመርሆቹ አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የአንድ ጠዋት ስብሰባና የሻይ ሰዓት ፎቶ ተሳትፎ አይሆንም።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። አጥሩና የመግቢያ ክፍያው ይውጣ። የቆሙት ዛፎች ይትረፉ፤ አዲስ የሚተከሉትም ጥላ የሚሰጡ ይሁኑ። የአደባባዩ መሃል ክፍት ይሁንና ፏፏቴው ወደ ዳር ይውጣ። መደገፊያ ያላቸው መቀመጫዎች፣ የሕዝብ መጸዳጃና የመጠጥ ውሃ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ፣ ለብስክሌት ማቆሚያ ይግባበት። ሀዋሳ የብስክሌት ከተማ ናት፤ ረቂቁ ለመኪና ያሰበውን ሩብ ያህል እንኳ ለብስክሌት አላሰበም። የተስተካከለው ረቂቅ በሲዳምኛና በአማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ። ሁለተኛው ውይይት ደግሞ እሑድ ከሰዓት፣ እዚያው ቦታው ላይ ይሁን። የቱ ዛፍ የት እንደቆመ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደሚመታ አብረን እየዞርን እንነጋገር። ሰው ለመሰብሰብ እኔና ጎረቤቶቼ እናግዛለን።

ሥራችሁን ከባዶ ጀምሩ አላልኩም። የመብራቱ አቀማመጥ ጥሩ ነው፣ ወደ ሐይቁ የሚወስደው የእግረኛ መንገድም በጣም ደስ ብሎኛል፤ እሱን እንዳትነኩት። ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ግን ማፍረስ ውድ ነው፤ ዛፍ ከተቆረጠ ደግሞ መልሶ ማቆም የለም። ስለዚህ ረቂቁ ለመጽደቅ ከመቅረቡ በፊት ለእያንዳንዱ ነጥብ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የመሃል ከተማ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአካባቢው ነዋሪዎች ኮሚቴ