ባህሩንስ ለምን ዘለላችሁት?

ለአዘጋጁ፦ ስለ ጣልያን መባረር ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ከረንም ጎንደርም አለ ባህሩ ግን የለም። ምጽዋ የነበሩት የጣልያን ዲስትሮየሮች (ፈጣን የጦር መርከቦች) እኮ ለእንግሊዝ የስዊዝ መስመር ስጋት ነበሩ፣ እነሱ ካለቁ በኋላ ነው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሚያዝያ 1933 ቀይ ባህርን ለአሜሪካ መርከቦች የከፈተው። ለምሳሌ ፍራንቼስኮ ኑሎ የምትባለው ዲስትሮየር፣ ጥቅምት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ሌሊት ኮንቮይ (በጦር መርከብ ታጅበው የሚጓዙ የጭነት መርከቦች) ልትመታ ወጥታ መሪዋ ተበላሽቶ ከጓደኞቿ ተነጠለች፣ ኪምበርሊ የምትባል የእንግሊዝ ዲስትሮየር እስከ ሀርሚል ደሴት አሳዳ መታቻት፣ ኪምበርሊም ብትሆን ከደሴቱ በተተኮሰ መድፍ ተመትታ ተጎትታ ነው ፖርት ሱዳን የገባችው። የኑሎ ካፒቴን ቦርሲኒ መርከቧን አልለቅም ብሎ አብሯት ቀረ፣ ጠላትም ቢሆን ይሄ ሊጻፍ ይገባል። በሚቀጥለው እትም ከምጽዋ እስከ ሀርሚል የሚያሳይ ካርታና ስለ መርከቦቹ ግማሽ ገጽ ጨምሩበት።