አባዬ፣ የልጅ ልጅህ ጦር አቋቁሟል

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ስለ ቀዶ ሕክምናው ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የልጅ ልጅህን ጉድ ስማ።

ትልቁ ልጄ አገር ፈጥሯል። ደሴት ናት። ተራራ አላት፣ ረጅም የባሕር ዳርቻ አላት፣ ክፉ ጎረቤትም አላት። በስሟ ከእህቱ ጋር ስላልተስማሙ እስካሁን «አገሪቱ» ነው የምትባለው። ባንዲራዋ ሳያልቅ ጦሯ አለቀ። አሁን የምድር ጦሩን ልዩ ዘመቻ ኃይል እያደራጀ ነው። «አያቴ ይረመው» ስላለ ቻርቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ።

መጀመሪያ 5,000 ኮማንዶ ብሎ ነበር። የአገሪቱ ሕዝብ ስንት ነው ስለው 200,000 አለኝ። በሳቅ ሞትኩ። ልዩ ኃይል በጅምላ አይመረትም ብዬ፣ ያንተኑ አባባል ነገርኩት። አኩርፎ ሲያበቃ ወደ አንድ ሻለቃ ጦር አወረደው። ሦስት ተዋጊ ሻምበል፣ አንድ የድጋፍ ሻምበል።

ቡድኖቹን 12 ሰው ያደረገው ከአሜሪካ ጦር አይቶ ነው። አዛዡ መኮንን ነው። የመሣሪያ፣ የምህንድስና፣ የሕክምናና የሬዲዮ ባለሙያ ደግሞ ሁለት ሁለት አለ። ቡድኑ ለሁለት ቢከፈል በሁለቱም ወገን አንድ አንድ እንዲኖር ነው። ለቅኝት ግን አራት ሰው ይበቃል ብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1941 በሰሜን አፍሪካ በረሃ የተቋቋመውን የእንግሊዞቹን ልዩ ኃይል፣ ኤስ ኤ ኤስን አይቶ።

ብዙ የተከራከርነው በሄሊኮፕተሩ ነው። እሱ ለአየር ኃይሉ ሰጥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካኖች ኢራን ውስጥ የታገቱ ሰዎቻቸውን ሊያስለቅቁ የሄዱበትን ዘመቻ አንብብ አልኩት። 8 ሄሊኮፕተር ተነሳ፤ በረሃው መሀል የደረሰው 6 ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱ ተበላሸ። ዕቅዱ ቢያንስ 6 ይፈልግ ስለነበር ተሰረዘ። ሲመለሱ አንዱ ሄሊኮፕተር ከማጓጓዣ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 8 ወታደሮች አለቁ። ከተለያየ ክፍል የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ከዳር እስከ ዳር አልተለማመዱም። ከዚያ በኋላ ነው የአሜሪካ ምድር ጦር የራሱን ልዩ የሄሊኮፕተር ክፍል ያቋቋመው። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ልዩ ኃይሎቹን ሁሉ የሚያስተባብር አንድ ዕዝ መጣ። ልጁ ይህን አንብቦ ላጲሱን አነሳ። የጠፋው መስመር አሁንም ወረቀቱ ላይ ይታያል።

አንድ ነገር ግን ቻርቱ ግርጌ ላይ ታያለህ። ትንሽ ሳጥን ናት። «ለቤተሰብ የሚደውል፣ አንድ አሥር አለቃ» ይላል። ማን እንደነገረው እንጃ። እኔ አልነገርኩትም።

አባዬ፣ እኛ ቤት የሚደውል አልነበረም። ከበሩ ጀርባ ያቺ ቦርሳ ካለች አለህ፤ ከሌለች የለህም። እማዬ ታማ የተኛች ጊዜ የጦር ክፍልህ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው «በዚህ ስም የሚጠራ ሰው የለም» አለኝ። ልጅ ነበርኩ። እውነት መስሎኝ አለቀስኩ። አንድ የወጣ ወሬ ቡድን እንደሚያስጨርስ ዛሬ ይገባኛል። እሱ ሰውዬም ሥራውን ነው የሠራው። አንተ ግን ስትመለስ እንኳ «በሌለሁበት እንዴት ሆናችሁ?» አላልክም። ጫማህን ፈትተህ ተኛህ።

ጡረታ ስትወጣ የምታወራን መስሎኝ ነበር። ይኸው አሁን ደግሞ ልብህ መታመሙን ከጎረቤትህ ነው የሰማሁት። ይሄስ የየትኛው ዘመቻ ምስጢር ነው?

አልተቆጣሁም። እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ። ያስተማርከኝ፣ ለዚህ ያበቃኸኝ አንተ መሆንህ አይጠፋኝም። እሱን ቁጭ ብለን እናወራዋለን።

አሁን ስለ ቀዶ ሕክምናው። ከዋዜማው በፊት እደርሳለሁ፤ «አትምጪ» እንዳትለኝ። ደም ማቅጠኛውን መቼ እንደምታቆም ሐኪሙ ይንገርህ፤ በራስህ እንዳታቆም። የምትውጣቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጽፈህ ያዝ፣ የእንቅልፉንም ጭምር። ስትመዘገብ የቅርብ ተጠሪ ማን ነው ይሉሃል። የእኔን ስምና ስልክ ስጥ። የጎረቤትህን አይደለም።

ልጁ ሁለት ጥያቄ አለው። ሻለቃው በምድር ጦሩ አዛዥ ሥር ይሁን ወይስ በቀጥታ ለኢታማዦር ሹሙ? ለአንድ ሻለቃስ ስንት የፓራሹት ጃንጥላ አጣፊ ያስፈልጋል? እኔ የማውቀው ነገር የለም። ከትምህርት ቤት 10 ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ ደውልለት።

ልጅህ